ሃምሳ ሎሚ በአንድ ሻንጣ

ውጭ አገር የሚሄድ ሰው ያለበትን ቤት ከሩቁ በሽታው ታውቁታላችሁ። በርበሬ ይደለዛል፣ ሽሮ ይታመሳል፣ ድርቆሽ በሰፌድ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ቆሎ ይቆላል። ሊሰናበት የመጣው ጎረቤት ተጓዡን «ማን ይቀበልሃል?» ወይም «የት ልታድር ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ጥያቄው አንድ ነው፤ «ስንት ኪሎ ተፈቀደልህ?»

መልሱ ከአፍ ሳይወጣ ኪሎው ያልቃል። «እንግዲያማ ለልጄ እቺን ታክል አትከብድህም» ይባላል። «እቺን ታክል» የምትባለው ነገር አብዛኛውን ጊዜ በጨርቅ ተጠቅልላ፣ በፌስታል ታስራ፣ በፕላስተር ታሽጋ የምትመጣ የሦስት ኪሎ ጉድ ናት።

ከጥቂት ዓመታት በፊት መራዊ፣ ዘመዶቼ ቤት ነበርኩ። የቤቱ ልጅ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። እናቷ ከወይፈን ሽያጭ ላይ ቀንሰው ሻንጣ ገዙላት። ቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ አዲሱ እሱ ነበር። ጥቁር፣ ባለአራት ጎማ፣ ሲቆም ከልጅቱ ወገብ በላይ የሚደርስ።

«ትንሽ አልበዛም?» ብል እናቲቱ ተቆጡኝ።

«ምነው መምህር፣ ልጄ በፌስታል ትሂድ? ሰው ምን ይላል?»

ሻንጣው የተመረጠው በዚህች ቃል ነው። ልጅቱ ታነሳዋለች ወይ? የምትገባበት ቤት ማስቀመጫ አለው ወይ? ብሎ የጠየቀ የለም። ሰው ምን ይላል! የገዛው የእናት ገንዘብ፣ የመረጠው የጎረቤት ዓይን።

የሞላውም ያው ጎረቤት ነው። እዚያው አገር ልጅ ያላቸው ሦስት ቤቶች ነበሩ። አንዱ በርበሬ፣ አንዱ ሽሮና ቅቤ፣ ሦስተኛው በጀሪካን ማር፣ በሃይላንድ ጠበል ላኩ። ሻንጣው በእህል ነጋዴ ሚዛን ተመዘነና 23 ኪሎ ሆነ ተባለ። ሚዛኑ ከገበሬ ሲገዛበት የኖረ ስለሆነ ማሳነስ ለምዷል። ቦሌ ስንደርስ 32 አለ። ዘጠኝ ኪሎ ትርፍ!

ልጅቱ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሻንጣውን ከፈተችው። ምን ያወጣች ይመስላችኋል? በርበሬውን? ማሩን? የሰው አደራ ነዋ! የራሷን ጋቢ አወጣች። ጫማዎቿን፣ ሹራቦቿን፣ እናቷ ያዘጋጁላትን በሶ አወጣች።

«የሰዎቹን ተዪው፣ እኔ እመልስላቸዋለሁ» አልኳት።

«ኧረ ጋሼ፣ እናቴን ይቀየሙብኛል» አለችኝና ዚፑን ዘጋች።

ትርፉን በፌስታል ይዤ መራዊ ተመለስኩ። ለእናቲቱ ሳስረክብ ከጋቢው እጥፋት ውስጥ አንድ ፖስታ ወደቀ። የሥራ ውሏ ቅጂ ነበር፤ ከጀርባው የኤምባሲው ስልክ ቁጥር ተጽፎበታል። እንዳይጠፋባት ብላ በጋቢዋ የጠቀለለችው እሷው ናት። በርበሬው ሄደ፣ ወረቀቱ ቀረ።

ልጅቱ ደህና ናት። ደህና አሠሪ ገጠማት። ባይገጥማትስ? አሠሪ የሠራተኛን ፓስፖርት ወስዶ የሚቆልፍበት ልማድ ሕግ ቢከለክለውም እንዳለ ከተመላሾቹ አፍ ስንሰማ ኖረናል። ያን ጊዜ እቺ ልጅ ማን መሆኗን፣ ለስንት ብር ለማን እንደተቀጠረች የሚያስረዳላት ያቺው ወረቀት ነበረች። ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ተመልሰዋል፤ ብዙዎቹ ያፈሩትን ጥለው ነበር የወረዱት። ሲሄዱ «ስንት ኪሎ ተፈቀደልሽ?» ያለው ጎረቤት ሲመለሱ ኪሎ አልጠየቀም።

አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ሸክምን ስለመከፋፈል የተተረተ ነው። እኛ ገለበጥነው። ሃምሳችንም አንዳንድ ሎሚያችንን ይዘን እንመጣና አንዱ ሰው ላይ እንጭናለን። እያንዳንዳችን «አንዲት ሎሚ ናት እኮ!» እንላለን። ውሸትም የለበትም። የእኔዋ አንዲት ናት፤ የሚሸከመው ሰው ግን ሃምሳ ይቆጥራል።

«አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ» የሚለውም የሚጠብቀው ተቀባዩን ብቻ ሆኗል። ሰጪውስ ምን ግዴታ አለበት? የሰጠውን ዕቃ ከፍቶ ማሳየት እንኳ እንደ ስድብ ይቆጠራል። «ምን አደረግሁህና ነው የምትፈትሸኝ?» ይላል። በ2011 ዓ.ም. ከሰው የተቀበሉት የሻምፖ ጠርሙስ ቻይና አገር ምን መዘዝ እንዳመጣ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ጉምሩክ ፊት ሻንጣው የሚጠራው በላኪው ስም አይደለም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በኖርኩበት ዘመን «ፍቅር እስከ መቃብር» በየዓመቱ እጄ ላይ ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት የዚያ መጽሐፍ በዛብህ አገሩ ማንኩሳ ነው፤ በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል። በዚያ መንገድ ባለፍኩ ቁጥር የቆሎ ተማሪ ትዝ ይለኛል። የጎጃም የቅኔ ቤቶች የተሞሉት ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ ከቤቱ ብዙ ቀን በእግሩ በመጣ ልጅ ነው። ረሃቡንና የውሻ ንክሻውን ለማንም አልመኝም። ዕቃ አመራረጡን ግን እቀናበታለሁ፤ ራሱ የማይሸከመውን አይዝም ነበር። ዋናውን ንብረቱን፣ ዜማውንና ቅኔውን፣ በቃሉ ይዞት ይሄዳል፤ የሚመዝንበት ሚዛን የለም።

ለዛሬው ተጓዥም ሕጉ ይኸው ይሁን። ሱቅ ስትገቡ ሻንጣውን ባዶውን አንሱት። ትልቅ ሻንጣ ገና ምንም ሳይገባበት 4 ወይም 5 ኪሎ ይወስዳል፤ ከ23 ኪሎ ላይ አንድ አምስተኛውን ለራሱ በላ ማለት ነው። ርዝመቱ፣ ስፋቱና ከፍታው ተደምሮ ከ158 ሳንቲ ሜትር ከበለጠ በብዙ አየር መንገዶች ዘንድ ተጨማሪ ያስከፍላል። ጎማውን ሸካራ መሬት ላይ ጎትታችሁ ሞክሩት፤ የሱቅ ንጣፍ ላይ የማይሽከረከር ጎማ የለም። ዚፑን ሦስት ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ። ከሞላ በኋላ ደግሞ ተጓዡ ራሱ፣ ብቻውን፣ ደረጃ ይዞት ይውጣ። ካልቻለ ይቀነስ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልላችን በቆየው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ወርዶ በእግር መሄድ፣ መኪና መለወጥ ምን እንደሆነ ለመራዊና ለቡሬ ሰው አይነገረውም።

ከትልቁ ሻንጣ በፊት ግን ትንሿ ትመረጥ። ከአንገት የማትወርድ ቦርሳ፤ ፓስፖርት፣ የውል ቅጂ፣ የቤተሰብና የኤምባሲ ስልክ በወረቀት ላይ፣ የሚወሰድ መድኃኒት ካለ እሱ። ይህቺ ቦርሳ አደራ አትቀበልም። ስልክ ይሰበራል፣ ይወሰዳልም፤ ወረቀት ይሻላል።

«ስንቅ እኮ ፍቅር ነው» ትሉኝ ይሆናል። ነው። እኔም በወጣትነቴ ለትምህርት ውጭ ሳለሁ የእናቴን በርበሬ በማንኪያ እየቆጠርኩ ነው የከረምኩት። ሁለት ኪሎ ነበር፤ የእኔ ነበር። የእናት እጅ ያለበትን በርበሬ የዋሽንግተንና የዱባይ ሱቅ አይተካውም፤ ለዕለት ወጥ ግን እዚያም ይሸጣል። የማይሸጠው የራስ ጋቢ ነው። ቅቤውና ቋንጣውማ ተጓዡ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ የሚሄደው በር ላይ ይወረሳል፤ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ መግባት እዚያ ክልክል ነው። የእናት ድካም ቆሻሻ ውስጥ ሲገባ ማየት ምን ዓይነት ፍቅር ነው?

በዓመቱ ለእረፍት ሲመጣስ? ያው ሻንጣ በጫማና በስልክ ተሞልቶ ይመለሳል፤ የሃምሳውም ቤት ዓይን ዚፑ ላይ ነው። ገንዘቡን የከፈለው ሰው ግን ሁለት ሸሚዝ እያፈራረቀ ይከርማል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናለሁ። ሊሰናበት የሚሄድ ሰው ባዶ እጁን ይሂድ። የግድ የሚልከው ካለው ተጓዡ ፊት ከፍቶ ያሳይ፤ ተጓዡም «አይሆንልኝም» ሲል አይቀየም። ጥያቄውም ይለወጥ። «ስንት ኪሎ ተፈቀደልሽ?» መባሉ ቀርቶ «ምን ጎደለሽ?» ይባል።

ሦስቱ ቤቶች የላኩት በርበሬ፣ ማርና ጠበል በሰላም ደርሷል፤ ምስጋናም መጥቷል። ጋቢው ግን እስከዛሬ መራዊ ነው።