እጅ ሰጠ፣ ገባ፣ በቃኝ አለ

ልጆች ሌባና ፖሊስ ሲጫወቱ «እጅ ወደ ላይ!» ይባባላሉ። የተያዘው እጁን ያነሣል፣ ይስቃል፣ ጨዋታውም ይቀጥላል። እኛ አዋቂዎች ግን ለመሸነፍና ለመገዛት ብዙ ቃላት አሉን፤ አንዱ ከሌላው ይለያል። የጡረታ ነርስን ከቃላት ጋር ምን አገናኘው የምትሉ አትጠፉም። በሽተኛ ሕመሙን የሚነግረን በቃል ነው፤ ቃሉን አጣርቶ ያልሰማ ሕመሙንም አያገኘውም።

«እጅ ሰጠ» የምንለው መሣሪያውን አስቀምጦ የወጣውን ነው፤ ቢጨንቀውም ወሳኙ ራሱ ነው። «ተማረከ» ስንል ግን ወሳኙ የያዘው ሰው ነው። ይኸው ቃል ደግ ፊትም አለው፤ ጥሩ ድምፅ ሲማርከን ደስ ብሎን እንያዛለን። «ገበረ» የሚባለው የሌላውን የበላይነት ተቀብሎ ግብር የሚከፍል ነው። በእኛ በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ አገር ደግሞ የሸፈተ ሰው ታርቆ ሲመለስ «ገባ» ይባላል፤ ቃሉ ወደ ቤት የመመለስ ሙቀት አለው። «እጅ ነሣ» ግን ከሽንፈት ጋር አይገናኝም፤ ሰው አክብሮ ጎንበስ ማለት ነው። አንዲት «እጅ» የምትል ቃል ከ«ሰጠ» ጋር ስትሆን ሽንፈት፣ ከ«ነሣ» ጋር ስትሆን አክብሮት ትሆናለች።

እነዚህ ቃላት በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ሲፈራረቁ ማየት የሚፈልግ የዳግማዊ ምኒልክን ታሪክ ያስታውስ። በ1848 ዓ.ም. አባታቸው ንጉሥ ኃይለ መለኮት እንደሞቱ፣ ገና ልጅ ሳሉ በዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ወደቁ፤ ይህ መማረክ ነው። በመቅደላ አድገው በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ሸዋ ገቡ። በመጋቢት 1870 ዓ.ም. ደግሞ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቀው በልቼ፣ እንደ አገሩ ሥርዓት በአንገታቸው ድንጋይ ተሸክመው ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ፊት ቀረቡ። የንጉሠ ነገሥትነት ስማቸውን ትተው ለመገበር ተስማሙ፤ ዐፄ ዮሐንስም የሸዋ ንጉሥነታቸውን አጸኑላቸው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ደግሞ ማራኪው እሳቸው ሆኑ። የልቼው ቀን ሸዋንም ምኒልክንም ከጦርነት አተረፈ፤ ድንጋይ የተሸከመውን የሚያከብር ሥርዓት ነበርና።

ይህ ክብር በሌለበት እጅ መስጠት ምን እንደሚመስልም አገራችን ታውቃለች። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ዘረት በሚባለው ስፍራ፣ አርበኞች ከሴቶች፣ ከሕፃናትና ከቁስለኞች ጋር ዋሻ ውስጥ ተከበቡ። የፋሺስት ጦር የመርዝ ጋዝ ተጠቀመባቸው። ሲብስባቸው እጃቸውን ሰጥተው ወጡ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩት ግን ከወጡ በኋላ ተረሸኑ። እጅ መስጠት ትርጉም የሚኖረው ተቀባዩ ሰው ሲሆን ነው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ፣ ተቀባዮቹ እኛ ወላጆችና አያቶች ነን። ያጠፋ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲመጣ «አየህ! አላልኩህም?» ብለን ጎረቤት ፊት ብናዋርደው፣ ሁለተኛ አይመጣም፤ መዋሸትን ይማራል። ጥፋቱን እንዲያርም እናድርገው፤ ነገር ግን መግቢያ በር እንተውለት። ሽማግሌዎቻችን «ይቅር ለእግዚአብሔር» ካስባሉ በኋላ የታረቀውን ነገር መልሶ መቀስቀስ ነውር ነው። ለልጅም ይኸው ይሠራል።

ሙያዬን በቅርብ የሚነካው ግን ሌላ ነው፤ ሕመም ፊት እጅ መስጠት። ሦስት አነጋገሮችን ስትሰሙ ቆም በሉ።

የመጀመሪያው «ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለው ነው። እምነት ሆኖ ሲነገር ሰው ያጸናል። ሕፃኑ አስቀምጦት ዓይኑ ሲሰረጉድ፣ ሲያለቅስ እንባ ሲያጣ፣ መጠጣት ሲያቅተው ግን ጸሎቱም መንገዱም አብረው ይሂዱ፤ ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ አድርሱት። መዋጥ ከቻለ አንዱን የሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጣችሁ፣ እየደጋገማችሁ በትንሽ በትንሹ አጠጡት። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡቱ አይቋረጥ።

ሁለተኛው የአያቶች «ከእንግዲህ መድኃኒት ለምኔ» ነው። የደም ግፊት ሳያሳምም ጉዳት ያደርሳል፤ ደህና ነኝ ብሎ ክኒን ማቋረጥ በስትሮክ ሊጥል ይችላል። ቁጣ አያስፈልግም። ክኒኑ አዞራቸው ይሆን? ብሩ አጥሯቸው ይሆን? ልጆቻቸውን ላለማስቸገር ብለው ይሆን? ብላችሁ ጠይቁ። ምክንያቱ ከታወቀ ሐኪሙ መድኃኒቱን ሊለውጥላቸው ይችላል።

ሦስተኛው የወጣቱ «በቃኝ» ነው። ምግብ ቀርቦ «በቃኝ» ሲል ጠግቧል ማለት ነው። ከሰው ሲርቅ፣ እንቅልፍ ሲያጣ፣ የሚወደውን ዕቃ ለሰው ሲያድል «በቃኝ» ካለ ግን ሕይወቱን ማለቱ ሊሆን ይችላል። «ራስህን ልትጎዳ አስበህ ታውቃለህ?» ብላችሁ በግልጽ ጠይቁት፤ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፣ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት። የፀረ ተባይ መድኃኒቱን፣ ክኒኑንና ጠመንጃውን ከአካባቢው አርቁ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት። «የእገሌ ልጅ ምን ሆነ» ይባላል ብላችሁ አትዘግዩ።

«እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይላል ያገሬ ሰው። ልጅ እሺ እንዲል የምንፈልገውን ያህል፣ እኛም «እሺ፣ ንገረኝ፣ እሰማሃለሁ» ማለትን እንልመድ። ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ቴሌቪዥኑን ዝጉና ልጆቻችሁ ሲከፋቸው የሚሉትን ቃል ጠይቋቸው፤ የእናንተንም ንገሯቸው። በከፋቸው ቀን ቃሉን ስትሰሙ ታውቁታላችሁ።

ለሳምንት ሰው ይበለን።