ስም ቢፋቅም ቤቱ ይታወቃል

በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ ደጋግሜ የማርመው አንድ ስሕተት አለ። ተማሪው የጠረጴዛውን ርዝመትና ስፋት በሚሊሜትር በተከፋፈለ ማስመሪያ ይለካል። ስፋቱን ሲያሰላ ግን የሒሳብ ማሽኑ ያሳየውን ስምንት አሃዝ ሁሉ በደብተሩ ይገለብጣል። «መሣሪያህ ያላየውን አሃዝ አትጻፍ» እለዋለሁ። በዚህ ጽሑፍ የዚህን ደንብ ታናሽ ወንድም ማስተዋወቅ እሻለሁ፤ ይኸውም «ጥያቄህ ያልፈለገውን አሃዝ አትመዝግብ» የሚል ነው። የመጀመሪያው ደንብ ሲጣስ የሚጎዳው የተማሪው ውጤት ነው። ሁለተኛው ሲጣስ ግን የሰው ገመና አደባባይ ይወጣል።

የሕጻናት ዕድገት ጥናት ዛሬ ከወረቀት ወደ ስልክ እየተሸጋገረ ነው። መረጃ ሰብሳቢው ከቤት ቤት እየዞረ የሕጻኑን ክብደትና ቁመት፣ የሚያውቃቸውን ቃላት ብዛት፣ የእናቱን ትምህርትና የአእምሮ ጤና፣ በቤት ውስጥ ጠብ ወይም ግርፋት መኖር አለመኖሩን በመተግበሪያው ይሞላል፤ ወደ ሰርቨርም ይልካል። ስልኩ በበኩሉ ሰዓቱንና ቦታውን ሊጨምርበት ይችላል። ከዚያም «የቤተሰቡን ስም አጥፍተናል፤ ስለዚህ ምስጢሩ ተጠብቋል» ይባላል። ይህ አባባል ትክክል አይደለም፤ ለምን እንዳልሆነም በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል።

አምስተኛው አሃዝ

ከድሬዳዋ አስተዳደር የገጠር ቀበሌዎች መካከል ዋሂልን እንውሰድና እንዲህ ያለ ጥናት በዚያ ቢካሄድ ብለን እናስብ። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ በመሬት ላይ ሲለካ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስለሆነም ከነጥብ በኋላ ሁለት አሃዝ ብቻ ብንመዘግብ ቦታውን በ1.1 ኪሎ ሜትር ትክክለኛነት እናውቃለን፤ በሦስት አሃዝ በ111 ሜትር፣ በአራት አሃዝ በ11 ሜትር፣ በአምስት አሃዝ ደግሞ በ1.1 ሜትር። የተለመደ ስልክ ያለው ጂፒኤስ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ የሚሳሳተው በጥቂት ሜትሮች ነው። ቤቶች ተራርቀው በተሠሩበት ገጠር ይህ ማለት ስልኩ የአንዲትን እናት ደጃፍ ጠቁሟል ማለት ነው። ስሟን መፋቅ ምን ይጠቅማል? በአካባቢው የሚኖር ሰው ሁሉ የቤቱን ባለቤት ያውቃል።

ጥናቱ የጠየቀው ግን «ከጤና ጣቢያ የራቁ ሕጻናት ዕድገት ይዘገያል ወይ?» የሚል ከሆነ ለመልሱ ሁለት አሃዝ ይበቃል። የቀሩት ሦስት አሃዞች ለሳይንሱ ምንም አልጨመሩም፤ የጨመሩት ለቤተሰቡ አደጋ ብቻ ነው።

የልደት ቀን ሒሳብ

ቦታውን ጨርሰን ብናጠፋውስ? በአንድ ቀበሌ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆነ 1,000 ሕጻናት አሉ እንበል። አምስት ዓመት 1,826 ቀናት አሉት። ቀኑን በጾታ ስናባዛው 3,652 «ሣጥኖች» እናገኛለን። 1,000 ሕጻናትን ያለ አድልዎ በእነዚህ ሣጥኖች ብንበትናቸው፣ አንድ ሕጻን በሣጥኑ ብቻውን የመሆን ዕድሉ 76 በመቶ ገደማ ነው። ከአራት ሕጻናት ሦስቱ በልደት ቀንና በጾታ ብቻ ተለይተው ይታወቃሉ ማለት ነው። ቀኑን ትተን ወሩን ብቻ ብንመዘግብ ሣጥኖቹ 120 ይሆናሉ፤ በአማካይ በእያንዳንዱ ስምንት ሕጻናት ይገባሉ። አንባቢ ሒሳቡን ራሱ ይሞክረው።

ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ላታኒያ ስዊኒ የተባሉ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ስም አልባ ሆኖ ከተለቀቀ የሆስፒታል መረጃ ውስጥ የግዛቱን አገረ ገዢ የሕክምና መዝገብ ለይተው አውጥተዋል። የተጠቀሙበትም የልደት ቀን፣ ጾታና የፖስታ ቁጥር ነበር። ብዙ ሰዎች በተመዘገቡበት መረጃ መካከል ይህ ከተቻለ በአንድ ቀበሌ የማይቻልበት ምክንያት የለም።

ትክክለኛ መረጃ ከመተማመን ይወለዳል

«ዕድገትን ለመለካት ትክክለኛ ዕድሜ ያስፈልጋል» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ ተቃውሞውም ተገቢ ነው። የጨቅላ ክብደት ከመለኪያው ጋር የሚነጻጸረው በቀን በሚቆጠር ዕድሜ ነው። ነገር ግን ስሌቱን እዚያው ስልኩ ይሥራው፤ ወደ ሰርቨር የሚላከው ውጤቱና በወር የተገለጸ ዕድሜ ይሁን። የልደት ቀኑ ከቤቱ መውጣት የለበትም።

«ወደፊት ሊያስፈልግ ይችላል» የሚለውን ሁለተኛ ተቃውሞ ግን አልቀበልም። ሕጻኑ ፈቃዱን አልተጠየቀም፤ የፈቀደችው እናቱ ናት። እርሷም የፈቀደችው በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማልኛ ተነግሯት ለተረዳችው ዓላማ እንጂ ገና ላልታሰበ ጉዳይ አይደለም። ሕጻኑ ሃያ ዓመት ሲሞላው እናቱ ስለ ቤቷ ጠብ የተናገረችው ቃል በማን እጅ እንደሚገኝ ማን ዋስ ይሆነዋል? ደግሞም አንድ ጊዜ ገመናዋ የወጣባት እናት ሁለተኛ እውነቱን አትናገርም፤ ጎረቤቶቿም እንዲሁ። ያን ጊዜ በአምስት አሃዝ የተመዘገበ ውሸት እንሰበስባለን።

በአገራችን በጥንቃቄ የተሠሩ ሥራዎች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው «ያንግ ላይቭስ» የተሰኘው ጥናት በኢትዮጵያ 3,000 ያህል ልጆችን ለዓመታት ሲከታተል በኅትመቶቹ የልጆቹንም የመንደሮቹንም ስም ይቀይራል። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ ለተመራማሪዎች በሚሰጠው መረጃ የናሙና ቦታዎቹን መገኛ ሆን ብሎ ያዛባል፤ በከተማ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ በገጠር እስከ 5 ኪሎ ሜትር፣ ከመቶ የገጠር ቦታዎች አንዱን እስከ 10 ኪሎ ሜትር። ጥናቱ በዚህ ምክንያት ዋጋውን አላጣም።

እንኳን ቦታን፣ መልስንም ማደብዘዝ ይቻላል። ስታንሊ ዋርነር የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1965 ያቀረቡት ሐሳብ ቀለል ባለ መልኩ እንዲህ ነው። «ልጅሽን ትገርፊያለሽ ወይ?» የተባለች እናት መረጃ ሰብሳቢው ሳያያት ሳንቲም ትወርውር። አንበሳው ከወጣ እውነቱን ትናገር፤ ሌላው ገጽ ከወጣ እውነቱ ምንም ይሁን ምን «አዎ» ትበል። ከ1,000 እናቶች 600ው «አዎ» ቢሉ 500 ያህሉ በሳንቲሙ ምክንያት ያሉት ነው። እውነቱን ከተናገሩት 500 እናቶች 100ው፣ ማለትም 20 በመቶው፣ ይገርፋሉ ማለት ነው። የሕዝቡን ልማድ አወቅን፤ የማንንም እናት ምስጢር ግን አላወቅንም። እርግጥ ነው፣ ተመሳሳይ ትክክለኛነት ለማግኘት ብዙ እናቶችን መጠየቅ ይጠይቃል። ይህ ለምስጢር የሚከፈል ዋጋ ነው፤ ሊከፈልም ይገባዋል።

የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መድቦታል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ደግሞ የግል ሕይወት መከበርን ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ደንግጓል። ነገር ግን ሕግ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አሃዙ እንዲመዘገብ ወይም እንዳይመዘገብ የሚወስነው መተግበሪያውን የሚጽፈው ሰው ነው፤ ያም ሰው ነገ ከእናንተ ከተማሪዎቹ መካከል አንዱ ይሆናል።

ስለዚህ አንድ ልማድ አደራ እላለሁ። በመጠይቁ ላይ አዲስ መስመር ከመጨመራችሁ በፊት «ይህ አሃዝ ቢቀር የትኛው የጥናቱ ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ካጣችሁ መስመሩን ሰርዙት። ያልተመዘገበ ነገር አይሰረቅም፤ አይጠፋም፤ በሌላ እጅም አይገባም። የምስጢር ቁልፍ ሊሰበር ይችላል፤ ባዶ ሣጥን ግን የሚሰርቁት ነገር የለውም።