የማይታየውን ጋዝ አውሮፕላን አየው፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ሸቀጡ በቀዳዳ እየፈሰሰ ዝም ብሎ የሚያይ ነጋዴ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ምዕራብ ቴክሳስንና ኒው ሜክሲኮን በሚያካልለው የፐርሚያን የነዳጅ መስክ እንዲህ ያሉ ነጋዴዎች ሞልተዋል።

እየፈሰሰ ያለው ሚቴን ነው፤ የተፈጥሮ ጋዝ ዋናው ክፍል። በዓይን አይታይም። በ20 ዓመት ሲሰላ ግን ምድርን የማሞቅ አቅሙ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ከ80 እጥፍ ይበልጣል።

የአሜሪካ መንግሥት ልቀቱን ለዓመታት ሲያሰላ የኖረው በአብዛኛው መሣሪያዎችን ቆጥሮ በአማካይ በማባዛት ነው። አውሮፕላን መጣና ሂሳቡን አፋለሰው። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አውሮፕላኑ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ከመሬት ተንጸባርቆ የሚመለሰውን የፀሐይ ብርሃን ይለካል። ሚቴን የተወሰነ የኢንፍራሬድ ሞገድ ስለሚውጥ፣ ያ ሞገድ የጎደለበት ቦታ ላይ ጋዝ እያመለጠ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2024 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት፣ በስድስት የአሜሪካ አካባቢዎች የተወሰዱ 1 ሚሊዮን ገደማ የአየር ላይ ልኬቶችን ተጠቅሟል። ውጤቱ? ከሚመረተው ጋዝ 3 በመቶ ገደማው ያመልጣል፤ ከመንግሥት ግምት ሦስት እጥፍ አካባቢ። በገንዘብ ሲተመን በዓመት 1 ቢሊዮን ዶላር ነው። የሚገርመው ደግሞ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ልቀት የሚወጣው ከ2 በመቶ ከማይሞሉ ቦታዎች መሆኑ ነው።

ታዲያ ለምን አይጠግኑትም? ፐርሚያን ላይ ትርፉ ያለው ድፍድፍ ዘይቱ ላይ ነው፤ ጋዙ አብሮ የሚወጣ ተከታይ ነው። ማስተላለፊያ ቧንቧው ሲጨናነቅ ዋሃ በሚባለው የግብይት ማዕከል የጋዝ ዋጋ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ በ2024 ይህ ደጋግሞ ሆኗል። ሻጩ ጋዙን ለሚወስድለት ይከፍላል ማለት ነው። እንዲህ ባለ ገበያ ቀዳዳ መድፈን ለኩባንያው ኪሳራ ነው፤ ጉዳቱን ደግሞ ሌላው ሰው ይሸከመዋል።

ይህን ለማስተካከል በ2022 የወጣው ሕግ ከመጠን በላይ በሚለቀቅ ሚቴን ላይ በቶን ከ900 ዶላር የሚጀምር ክፍያ ጥሎ ነበር። በ2025 ኮንግረስ ክፍያውን ወደ 2034 ገፋው። አውሮፕላኑ ቀዳዳውን አሳየ፤ መድፈን እንዲያዋጣ የሚያደርገው ዋጋ ግን ተነሳ።

እኛም ከጉዳዩ ሩቅ አይደለንም። መስከረም 2018 ዓ.ም. ኦጋዴን ካሉብ ላይ የጋዝ ፋብሪካ ተመርቋል። እዚያ ዋናው ሸቀጥ ራሱ ጋዙ ስለሆነ ቀዳዳ መድፈን የተሻለ ያዋጣል። ግን ያልተለካ ነገር ሂሳብ ውስጥ አይገባም። መለኪያውና ቅጣቱ ከአሁኑ ቢቀመጡ ይረክሱልናል፤ ኩባንያው ሥር ከሰደደ በኋላ ክፍያ መጣል ምን ያህል እንደሚከብድ ከአሜሪካ አይተናል።