አንድ ፎጣ ለአሥራ አንድ ሰው

ዘንድሮ የእግር ኳስ ቡድናችንን ከተጋጣሚ ይልቅ ያስቸገረው እባጭ ነው። መጀመሪያ በግብ ጠባቂያችን ክርን ላይ ወጣ፤ ቀጥሎ ሁለት ተከላካዮች ጭናቸውን ይዘው ማነከስ ጀመሩ። «ዓይን ነው» ያለም፣ «ሙቀቱ ነው» ያለም ነበር። እኛ ግን የምንጠረጥረው ፎጣውን ነው።

ይህ የድሃ ሜዳ ጣጣ ብቻ አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሴንት ሉዊስ ራምስ ቡድን ውስጥ ከ58 ተጫዋቾች 5ቱ ብዙ መድኃኒት በማይበግረው ስታፊሎኮከስ ባክቴሪያ ተይዘው ነበር። ሁሉም ቁስል የወጣው ሜዳው ቆዳቸውን በላጠበት ቦታ ነው፤ ፎጣም ይጋሩ ነበር። ሐኪምና ወጌሻ የማያጣው ቡድን እንዲህ ከሆነ፣ በከሰላ ጠጠር ላይ የምንወድቀው እኛ ምን ልንሆን ነው?

«ውሃ በካሮ እየተገዛ ማሊያ በየጨዋታው ማን ያጥባል?» የሚሉን አሉ። እውነት አላቸው፣ ጋሽ እንኳ የሚሞላው በክረምት ብቻ ነው። ግን ለኳስ ስናዋጣ ለሳሙና አንድም ቀን አላዋጣንም። የሚመጣው ዓመት የመጀመሪያ መዋጮ ለሳሙና ይሁን፤ ፎጣና ምላጭም እያንዳንዱ የራሱን ይያዝ። እባጩን በመርፌ ማፍረጥ ይቅር። ቁስል ያለበትም እስኪደርቅ ድረስ ይቀመጥ፣ አጥቂያችንም ቢሆን።

ለዋንጫው ጨዋታ ግብ ጠባቂውን ከነቁስሉ አሰለፍነው። አሸነፍን። በሳምንቱ እባጭ ያለባቸው አምስት ሆኑ።