«ሀበሻ» ማለት ማን ነው?

ጎበዝ፣ መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ከመከራከር ጋምቤላ ገበያ ወርዶ ጆሮ ጣል ማድረግ ይሻላል። አዲስ አበባ ላይ «ሀበሻ» ሲባል የአገር ልጅ ማለት ነው፤ ፈረንጅ ካልሆነ ሁሉም ይገባበታል ብለን እናስባለን። ባሮ ዳር ግን ትርጉሙ ሌላ ነው። እዚያ «ሀበሻ» ከደጋ የወረደ ሰው ነው። «ደገኛ» ይሉታል፤ «ቀይ»ም ይሉታል። ነጋዴው፣ አስተማሪው፣ ወታደሩ፣ አማራ ይሁን ኦሮሞ፣ ትግራዋይ ይሁን ከምባታ፣ ያው «ሀበሻ» ነው። ኑዌር በራሱ ቋንቋ «ቡኝ» ይለዋል። አኝዋኩና ኑዌሩ ደግሞ «ጥቁር» ናቸው።

ታዲያ ምን ክፋት አለው የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ለእንግዳ ስም የማያወጣ ሕዝብ የለም። ኬንያና ታንዛኒያ ነጩን «ሙዙንጉ» ይሉታል፤ ሱዳን «ኸዋጃ»፣ እኛ «ፈረንጅ»። ግን እነዚህ ስሞች የወጡት ከባሕር ማዶ ለመጣ ሰው ነው። እኛ ግን የአንድ አገር መታወቂያ በኪሳችን ይዘን ነው «ቀይ»ና «ጥቁር» የምንባባለው!

ለመሆኑ ማን ጀመረው? «ሻንቅላ» የሚለውን ስድብ የባሮ ሰው ለራሱ አላወጣም። ከደጋ ነው የወረደለት። ዛሬስ ቢሆን? የጋምቤላ ልጅ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ ሲገባ «ከሱዳን ነህ?» ይባላል። በአማርኛ ሲመልስ ደግሞ «ውይ፣ አማርኛ ትችላለህ እንዴ!» ብለው ይደነቁበታል። አማርኛ እኮ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነው! ልጁ አቤቱታ የሚጽፍበት፣ ፍርድ ቤት የሚቆምበት ቋንቋ ነው።

ምላስ አጥንት የለውም፣ አጥንት ግን ይሰብራል። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. ስምንት ሰዎች በመኪና ሲጓዙ በደፈጣ ተገደሉ። ገዳዮቹን አጣርቶ በመያዝ ፈንታ ወታደሮችና ቁጡ ደገኞች ጋምቤላ ከተማ ውስጥ በአኝዋክ ላይ ተነሡ። በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። ያን ቀን ሰው የተፈለገው በሠራው ሥራ አልነበረም፤ በወገኑ ነው። «እነሱ» የምትል ቃል የት ድረስ እንደምታደርስ ያኔ ታየ።

መንግሥትስ? በ2008 ዓ.ም. ኅዳር 29 ቀን 10ኛውን የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጋምቤላ ላይ አከበረ። ተጨፈረ፣ ተጨበጨበ። ድንኳኑ ሲነቀል ቃላቱ እዚያው ቀሩ።

ቃል በአዋጅ አይታገድም። ግን ባሮን አኝዋክ «ኦፔኖ» እንደሚለው፣ የኑዌር ሰላምታ «ማሌ» እንደሆነና ትርጉሙም «ሰላም» እንደሆነ ከመካከላችን ስንቱ ያውቃል? እዚያው ደመወዝ እየበላ ዓመታት የኖረ ሹምስ ያውቃል?

የባሮ ሰው የደገኛውን ቋንቋ ተምሮ ጨርሷል። አሁን ተራው የደገኛው ነው። ሌላው ቢቀር ሰላምታውን ይማር!