ማን ይዞት መጣ?

አንድ ወጣት ጀመዓ ገባ፣ ጽዋ ማኅበር ጀመረ ወይም ቸርች አዘወተረ ሲባል ወልቂጤም ሆነ ቡታጅራ ላይ የሚሰማው ማብራሪያ ተመሳሳይ ነው። የወደዱለት «ልቡ በራለት» ይላሉ። ያልወደዱለት ደግሞ «ችግር ነው የወሰደው» ወይም «አታለሉት» ይላሉ። ሁሉም ልጁን ከሰው ነጥለው ከትምህርቱ ወይም ከጥቅሙ ጋር ብቻ ያፋጥጡታል። እኔ የምለው ሰው ወደ ሃይማኖት ማኅበር የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚያምነው ሰው ይዞት ስለሄደ ነው። ትምህርቱን አጥንቶ የራሱ የሚያደርገው ከገባ በኋላ ነው። ይህን ማለት እምነትን ማቃለል አይደለም፤ እምነት ከሰው ወደ ሰው የሚሄድበትን መንገድ ማየት ነው።

ሐሳቡን ከፍተው ያሳዩት ሁለት አሜሪካውያን የማኅበረሰብ ጥናት ሊቃውንት ናቸው። ጆን ሎፍላንድና ሮድኒ ስታርክ ከኮሪያ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የመጣን አንድ ትንሽ የእምነት ቡድን ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ1965 ጥናታቸውን አወጡ። ቡድኑ በስብከት፣ በጋዜጣና በሬዲዮ ሰው ለመሳብ ሞክሮ አልሆነለትም። የገቡለት ቀድሞ የአባላቱ ጓደኛ፣ ጎረቤት ወይም ዘመድ የነበሩት ናቸው። ብሪታኒያዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ አይሊን ባርከርም እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው መጽሐፍ ይህንኑ ቡድን መረመረች። «አእምሮ ያጥባሉ» ይባል በነበረው የሁለት ቀን ሥልጠና ላይ ከተገኙት ከአሥሩ ዘጠኙ ሳይገቡ እንደቀሩ አሳየች። ማታለል ያን ያህል ጉልበት ቢኖረው ኖሮ ውጤቱ እንዲህ አይሆንም ነበር።

ጉራጌ ይህን ለመረዳት ባሕር መሻገር አያስፈልገውም። ከአገሩ ወጥቶ መርካቶ የሚገባ ልጅ የሚያርፈው አጎቱ ወይም የአገሩ ልጅ ቤት ነው። ሥራ የሚያገኘውም በእነሱ በኩል ነው። ዕቁብ የሚገባው ዋስ ሲኖረው ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ፈቃዱ ገዳሙ የዶክትሬት ጥናቱን የሠራበት የዓለም ገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር በዚሁ ልማድ የቆመ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ እነ ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ያስተባበሩት ማኅበር፣ ከከተሜው ተወላጅና ከገበሬው ብር አሰባስቦ በቡታጅራ በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚያልፈውን መንገድ አስጀመረ። ሰው ያዋጣው የሚሰበስበውን ስለሚያውቀው ነበር። የሃይማኖት ማኅበራትም የሚያድጉት ይህንኑ መተማመን ተከትለው ነው።

የተብሊግ ነገር ጥሩ ማሳያ ነው። እንቅስቃሴው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሕንድ ውስጥ በመሐመድ ኢልያስ የተጀመረ ነው። ተከታዩ ለሦስት ቀን፣ ለአርባ ቀን፣ ሲችል ለአራት ወር ከቤቱ ወጥቶ ሙስሊም ወገኑን ወደ ሶላት ይጠራል። አዲስ አበባ ላይ ማዕከሉ ኮልፌ እንደሆነና ከተከታዮቹ ብዙዎቹ ጉራጌዎች እንደሆኑ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ቴርየ ኦስተቦ ጽፏል። ለምን ጉራጌ? ትምህርቱ ለጉራጌ ተብሎ የተለየ ነገር የለውም። ኮልፌ ግን ጉራጌው ሱቅ ለሱቅ፣ ግቢ ለግቢ ተያይዞ የሚኖርበት ሰፈር ነው። አንዱ ነጋዴ ለሦስት ቀን ሲወጣ ሱቁን የሚጠብቅለት የአክስቱ ልጅ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ የአክስቱ ልጅ ራሱ ይወጣል።

ከዚህ በፊት መግቢያው ሌላ ነበር። የአብሬትና የቃጥባሬ የሱፊ ሼሆች ሙሪድ (ተከታይ) መሆን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ነበር። ለመውሊድ አባቱን ተከትሎ የሄደ ልጅ ለሐድራውም ለዱዓውም እንግዳ አይሆንም። ከተማ ገብቶ ከአባቱ የራቀ ወጣት ግን ከአባቱ ይልቅ ከሥራ ባልደረባው ጋር ይውላል። ብዙ ሰው የሱፊውንና የአዲሱን ጀመዓ ልዩነት በዐቂዳ (በእምነት ትምህርት) ብቻ ሊያስረዳ ይሞክራል። የዐቂዳው ክርክር እውነተኛ ነው፤ ነገር ግን ልጁ ክርክሩን የሚሰማው አብሮት ምሳ ከሚበላው ሰው አፍ ነው።

በክርስቲያኑም በኩል አሠራሩ ይኸው ነው። ቡታጅራ ላይ የአቦ ማኅበር በወር በወሩ በ5 ሲጠጣ እንይ። ተረኛው ጠላውን ጠምቆ ድፎውን ደፍቶ ይጠብቃል። የማኅበሩ ቄስ ጸሎት አድርሰው ዳቦውን ይባርካሉ፤ የማኅበሩ መሪ ሙሴው የቀረውንና የዘገየውን ይቆጣጠራል። ሲያበቃ ጽዋው በዝማሬ ታጅቦ ወደሚቀጥለው ተረኛ ይሄዳል። መጋቢት 5 ሲደርስ ከማኅበርተኛው ብዙው ወደ ምድረ ከብድ የአቦ ገዳም ይወርዳል። አዲስ ሰው የሚገባው ከነባሮቹ አንዱ «አውቀዋለሁ» ሲልለት ነው። አባት ሲሞት ልጅ በእግሩ ይተካል። የዕቁቡ ዋስ እዚህም አለ፤ ልዩነቱ እዚህ የሚዋሰው ለብር ሳይሆን ለጠባይ መሆኑ ነው።

«እርዳታ ሰውን ይገዛል» የሚለው ክርክር አሁንም አለ፤ በቀላሉ ልናልፈው አይገባም። የጉራጌ ዞን ራሱ ግን መልስ አለው። ከወልቂጤ ብዙም ሳይርቅ የካቶሊክ እኅቶች እ.ኤ.አ. በ1969 የከፈቱት የአጣጥ ሆስፒታል አለ። ሙስሊሟም ኦርቶዶክሷም እዚያ ትወልዳለች። እምድብር ደግሞ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ትውልድ ያስተማረባት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የሀገረ ስብከት መቀመጫ የሆነች ከተማ ናት። ሕክምናና ትምህርት ሰውን የሚለውጡ ቢሆን ኖሮ አካባቢው ሁሉ ካቶሊክ በሆነ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 የሕዝብና ቤት ቆጠራ ግን በዞኑ ከነበረው 1.28 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ካቶሊኩ 1 በመቶ ያህል ብቻ ነበር። ሙስሊሙ 51፣ ኦርቶዶክሱ 42፣ ፕሮቴስታንቱ ወደ 6 በመቶ ነበሩ። ሰው ከሆስፒታሉ ታክሞ አመስግኖ ይወጣል፤ የሚጸልየው ዘመዱ ከሚጸልይበት ነው። መስቀል ሲደርስ ክርስቲያኑ፣ አረፋ ሲደርስ ሙስሊሙ አገሩ የሚገባው ለዚህ ነው። በባህላዊው የጆካ ሸንጎ ደግሞ የሁለቱም ሽማግሌዎች አብረው ይፈርዳሉ፤ የሥጋ ዝምድናው ከሃይማኖቱ ይሰፋልና።

ታዲያ ሰው መቼ ነው የሚለወጠው? ዘመድና ጎረቤት ሲርቀው ነው። ለዚህ ጉብሬ ላይ ያለው የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ይጠቀሳል። ከጎንደር፣ ከሐረር ወይም ከጋምቤላ የተመደበ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ከአውቶቡስ ሲወርድ ማንንም አያውቅም። በአገራችን ግቢዎች ውስጥ ሻንጣውን ተቀብለው ዶርሙን የሚያሳዩት ብዙ ጊዜ የግቢ ጉባኤ፣ የጀመዓ ወይም የፌሎሺፕ ልጆች ናቸው። ማኅበረ ቅዱሳንም ቢሆን በ1984 ዓ.ም. የተመሠረተው ብላቴ የሥልጠና ካምፕ ውስጥ ከየዩኒቨርሲቲው ተሰባስበው በተገናኙ ተማሪዎች ነው። ከቤታቸው የራቁ ልጆች እርስ በርስ ቤተሰብ ሆኑ። ልጃቸው ግቢ ገብቶ «ተቀየረ» ብለው የሚጨነቁ ወላጆች፣ ልጃቸው ምን እንዳነበበ ከመጠየቃቸው በፊት በመጀመሪያው ሳምንት ማን እንደተቀበለው ቢጠይቁ ይሻላቸዋል።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚገቡት ነው። በጣም የሚያሳስበኝ ግን ማንም ይዟቸው የማይመጣ ሰዎች ናቸው። በር የሚከፈተው በሚያውቁት ሰው ከሆነ የሚያውቀው የሌለው ሰው ውጭ ይቀራል። አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፉ የእንጨት ሠሪዎቹን ጉዳይ ጽፎታል። የቤቱን ምሰሶ የሚያቆሙት፣ በደሟሟዊት (የሴቶች አምልኮ) ሥርዓት ልጃገረዶችን የሚመሩት እነሱ ነበሩ፤ እንሰት መትከልና መሬት መያዝ ግን ተከልክለዋል። ሰው ለአምልኮው ይፈልጋቸዋል፣ ከማዕዱ ግን ያርቃቸዋል። መጠሪያቸው ዛሬ ስድብ ሆኗል። ይህ በደል ያለፈ ታሪክ ብቻ ነው ለማለት አልደፍርም፤ «አውቀዋለሁ» የሚለው ሰው ከማን ጋር እንደሚውል አስቡት።

ዛሬ ደግሞ ከገጠር መጥታ ቡታጅራ ወይም ወልቂጤ በሰው ቤት የምትሠራ ልጅ አለች። የማኅበሩን ድፎ የደፋችው፣ ጠላውን ያጠለለችው፣ ለሐድራው ቡናውን ያፈላችው እሷ ናት፤ መዝገቡ ላይ ግን ስሟ የለም። ብትታመም የሚጠይቃት፣ ብትሞት የሚቀብራት ማኅበር የላትም። የሃይማኖት አባቶች «ሁሉም እኩል ነው» ብለው ያስተምራሉ፤ ትምህርታቸውም ልክ ነው። የአባላት ዝርዝር ግን የሚጻፈው በምናውቃቸው ሰዎች ስም ነው።

ስለዚህ ለማኅበርተኛውም፣ ለጀመዓውም፣ ለቸርቹም የምለው አንድ ነገር አለኝ። ተራችሁ ሲደርስ እንግዳ አድርጋችሁ የምትጠሩትን ሰው ከዘመዳችሁ ውጭ ፈልጉ። ጓዳችሁ ውስጥ ካለችው ልጅ ጀምሩ፤ ዋሷ ሁኑና ስሟን አስመዝግቡ።