ጉበቱን የታመመ ሁሉ ጠጪ አይደለም

ካዛንቺስ አንዱ ካፌ ቁጭ ብላችሁ «ጉበቴን አሞኛል» በሉ እስቲ። አንዱ «ትጠጣለህ እንዴ?» ይላል። ሌላው ይተላለፍብኛል ብሎ ስኒውን ራቅ ያደርጋል። ሦስተኛው «የወፍ በሽታ ነው፤ ቅጠል የሚሰጥ ሰው አውቃለሁ» ይላል።

ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስ ግን መነሻው መጠጥም ቫይረስም አይደለም። የሰውነት በሽታ ተከላካይ ተሳስቶ የራሱን ጉበት ሲያጠቃ የሚመጣ ሕመም ነው። አይተላለፍም። ሴቶች ላይ ይበዛል፣ ወጣትም ይይዛል። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የሽንት መጥቆር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዴ ምንም ምልክት የለውም።

ብዙዎቻችን ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ «ነጌቲቭ» ስንባል ተገላገልን ብለን እንሄዳለን። የጉበት ኢንዛይም ከፍ እንዳለ ከሆነ ግን ጥያቄው አልተመለሰም። እንደ ኤኤንኤ ያሉ የደም ምርመራዎች፣ የአይጂጂ መጠን፣ ካስፈለገም ከጉበት በመርፌ ናሙና መውሰድ ይቀራል። ሐረር ላይ 150 ሥር የሰደደ የጉበት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ሲጠኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መንስኤ አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ ጫትን ከሕመሙ ጋር አያይዞታል። የጫት ጉዳት ኦቶኢሚዩን ሄፓታይተስን ሊመስል ስለሚችል የምትቅሙትንም፣ የምትጠጡትን ቅጠልም ከሐኪም አትደብቁ።

ኢኮኖሚክስ ለተማረ ሰው የሚያናድደው እዚህ ጋ ነው። ዋናዎቹ መድኃኒቶች፣ ፕሬድኒሶሎን እና አዛታዮፕሪን፣ የቆዩና ብርቅ ያልሆኑ ናቸው። ለዓመታት መወሰድ ቢኖርባቸውም፣ በራስ ፈቃድ ማቋረጥም አደገኛ ቢሆንም፣ አብዛኛው ታማሚ ይሻለዋል። ኪስ የሚፈትነው እዚያ እስኪደረስ ያለው ምርመራ ነው። ምርመራው ሲዘገይ ጉበት ጠባሳ እያበጀ ወደ ሲሮሲስ ይሄዳል፤ ያኔ ወጪው ከቤተሰብ አቅም በላይ ነው።

እንደማንችል አይደለም። እዚሁ ቂርቆስ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የኤችአይቪ ሕክምናን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በ1997 ዓ.ም. በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ ክኒን ለደሃውም የሚደረስበት ሆነ።

ስለዚህ የጤና መድኅን ክኒኑን ብቻ ሳይሆን በሽታው የሚለይበትን ምርመራም በተግባር ይሸፍን። እኛም «ነጌቲቭ ነው» ስንባል ውጤቱን አጥፈን ከመውጣታችን በፊት አንድ ነገር እንጠይቅ፦ «ታዲያ ኢንዛይሙን ከፍ ያደረገው ምንድን ነው?»